ጄሪካን በጸሎት የሚለኩት አያ ፈንታ

የአያ ፈንታን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ስመለስ ከፊት ዞር ብሎ «መምህርት፣ አያ ፈንታ አረፉ እኮ» አለኝ። «ፊትህን ወደ መንገዱ መልስና ንዳ» አልሁት። አላመንሁትም። ለአያ ፈንታ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ተለቅሶላቸዋል፤ ያለቀሱት ሰዎችም እስከ ዛሬ ያፍራሉ።

አያ ፈንታ ሥራቸው ምንጭ ማውጣት ነበር። ከድንጋይ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ዓይኑ ድረስ ቆፍረው ያገኙታል፤ በግንብ ያጥሩታል፤ ከዚያ በጎማ ቱቦ ስበው ሰው ደጅ ያደርሱታል። አንድ ዓመት አዘና በኩል ሲቆፍሩ አፈር ተደርምሶባቸው ሞቱ የሚል ወሬ መጣ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለለቅሶ ቤታቸው ሲደርስ እሳቸው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው የተቀቀለ ድንች ይልጣሉ። ሰው ሁሉ ደንግጦ በር ላይ ሲቆም «ከመጣችሁማ አልቅሱ እንጂ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዝም ብላችሁ አትመለሱ» አሏቸው። አልቃሿ ሴት ግራ ቢገባት ጀመረች። «አንተ መለሎ፣ አንተ ዘንካታ» ስትል «ቆይ፣ ቆይ» ብለው አስቆሟት። «እኔ አጭር ነኝ። እንዲህ ካልሽ ሌላ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል» አሏት። ከዚያ ድንቹን እየላጡ ሙሾዋን ስንኝ በስንኝ አረሙላት ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርሁም፤ አያ ፈንታን ለሚያውቅ ሰው ግን ማመን አይከብድም።

ስለዚህ የእድሩ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ ጠበቅሁ። ተነፋ። እንግዲህ እውነት ነው አልሁ።

ልብስ መቀየር አላስፈለገኝም። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን ጥቁሬን አላወለቅሁም። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ እጄ እምቢ ብሎኛል። ስለ አያ ፈንታ ግን ቀስ እያልሁም ቢሆን ይጻፍልኛል። እሳቸው በሕይወት ሳሉም እንዲህ ነበሩ፤ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው አጠገባቸው ብዙ አይቆይም፤ ወይ ይስቃል፣ ወይ ተናዶ ይነሣል።

እኔ የተወለድሁት ደምበጫ ነው። በመምህርነት ተመድቤ እዚህ አገር መጣሁ፤ አገው አግብቼ ቀረሁ። አዊኛ ሠላሳ ዓመት ብማር የያዝሁት ሰላምታና የድንች ዋጋ ብቻ ነው። ቤታችን ከዳገት ሥር ነው። ምንጩ ደግሞ ከዳገቱ ላይ፣ በማሳችን ጫፍ። ባለቤቴ በየማለዳው ፈረሱን ይዞ ይወጣና ሁለት ጄሪካን ሞልቶ፣ ጭኖ ይመለስ ነበር። እሱ ሲሞት ፈረሱም እኔም ቤት ዋልን።

ልጄ ዮናስ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ እየደወለ «እማ፣ በዚህ ጉልበትሽ ዳገት ወጥተሽ ውሃ ልትቀጂ ነው? ቤቱን ዘግተሽ ነይ» ይለኛል። እኔ ደግሞ መሄድ አልፈልግም። ባለቤቴ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከደጄ ይታያል፤ ጠዋት ወጥቼ ወደዚያ አይቼ ካልገባሁ ቀኑ ቀን አይሆንልኝም። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ ቃል ተለዋወጥን። ዮናስ ለአባቱ ሙት ዓመት መኪና ይዞ ይመጣል። ውሃ ደጄ ላይ ካገኘ እኖራለሁ። ካላገኘ ከነልብሴ ጭኖኝ ይሄዳል። ሙት ዓመቱ ሰኔ ውስጥ ነበር። ፈረሱን ሸጬ ጎማና ሲሚንቶ ገዛሁና አያ ፈንታን አስጠራሁ። «አሁን አይሆንም» ብለው እስከ ግንቦት አስጠበቁኝ።

«ምን ሆነው ነው እስካሁን የቆዩት?» አልኋቸው ሲመጡ።

«በግንቦት የሚፈስ ነው ምንጭ ማለት» አሉኝ። «በነሐሴማ የእኔም ጣሪያ ምንጭ ነው።»

አጭር ሰው ናቸው፤ ጢማቸው ብቻ ረጅም። አንዱ እግራቸው አረንጓዴ ቦት ጫማ፣ ሌላው ጥቁር ቦት ጫማ አድርጓል። እግራቸውን ሳይ አዩኝና «ጓደኞቻቸው ጭቃ ውስጥ ቀርተዋል። አታስቢ፣ ደህና ናቸው» አሉኝ።

ምንጩ ዘንድ ወጣን። ድንጋዩን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ በሆዳቸው ተኝተው ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጠፉ። የውሃውን መንገድ እያዳመጡ ነው ብዬ ትንፋሼን ውጬ ቆምሁ። ብዙ ቆዩ። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ሰማሁ።

«አያ ፈንታ!»

«ሰማሁሽ» አሉ ሳይነሡ። «ደህና ውሃ ነው። ደህና ውሃ እንቅልፍ ያመጣል።»

ሲቆፍሩ በአዊኛ ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከውሃው ጋር። «በአማርኛ ቢያናግሩት እኔም በሰማሁ» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ ውሃ ትምህርት ቤት አልገባም፣ መምህርት። አማርኛ ከየት ያምጣ?» አሉኝ። ምን እንዳሉት ጠየቅኋቸው። «ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፤ ወርደህ ጠይቃት አልሁት።» ዞር ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማየት ጀመርሁ። እሳቸውም ያላዩኝ መሰሉ፤ መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ተገኘ። ከሁለት ድንጋዮች መካከል ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። አያ ፈንታ ቀርከሃ ሰንጥቀው ሥሩ ሰኩና ውሃውን ወደ ጄሪካን ለቀቁት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አባታችን ሆይን ማነብነብ ጀመሩ። ሲጨርሱ አንድ ጣት ያጥፋሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ። ጄሪካኑ ገንፍሎ ሲፈስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አራት አባታችን ሆይ» አሉ። «ለአንቺም ይበቃል፣ ለሰፈሩም ይበቃል።»

እኔ መምህርት ነኝ፤ ስልኬን አውጥቼ በሰዓት ልለካ አልሁ። ቅር አላቸው። «ስልክሽ ውሃውን ይባርከዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ተስማምተን በሁለቱም ለካን። አንዱ አባታችን ሆይ ግማሽ ደቂቃ ወጣው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ከመጀመሪያው ቃል እስከ አሜን ድረስ ሰማኋቸው። ጠዋትና ማታ ይለኩ ነበርና በዚያ ሰሞን ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። አንድ ቃል አይስቱም።

ግንቡ ሁለት ጎማ እንዲኖረው ተነጋገርን። አንዱ ወደ እኔ ግቢ ይወርዳል፤ አንዱ መንገድ ዳር ላይ ለሰፈሩ ቧንቧ ይሆናል። ትርፉን ከብት ይጠጣዋል። ሰፈሩም ደስ ብሎት ድንጋይ አጋዘ። ግንቡ አለቀ፤ በሲሚንቶ ተለሰነ። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አያ ፈንታ እርጥብ ሲሚንቶን እንደ አራስ ነበር የሚይዙት። «አራስ ነው» ይላሉ። «ሰባት ቀን ፀሐይ አይየው፣ አይጠማው፣ ብቻውን አይተው፣ አጠገቡ አይጮህበት።» ልስኑ ሳይሰነጠቅ እንዲደርቅ ጥላና እርጥበት ይፈልጋል፤ ይህ እውነት ነው። ሌላው ግንበኛ ግን ጆንያ ያለብስና ይሄዳል። አያ ፈንታ ከልጃቸው ክርስትና የተረፈ፣ ዘርፉ የወርቅ ቀለም ያለው ትልቅ ጃንጥላ ይዘው መጡና በግንቡ ላይ ተከሉት። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሥሩ ተቀመጡ። በየሰዓቱ በቅጠል ውሃ ይረጩታል። በመካከሉ ደግሞ ውሃው እንዳይቀንስ እየሰጉ ጄሪካን ደቅነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይለካሉ።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ከሩቅ ምን ያያል? የወርቅ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ። ከዐለት የሚወጣ ውሃ። የሚረጭ ቅጠል። የሚነበነብ ጸሎት።

መጀመሪያ የደረሱት እትዬ ጥሩ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ስለ ወገባቸው ያልሰማ ሰው የሌለ ጎረቤቴ። ጫማቸውን አውልቀው ቀረቡና ተንበረከኩ። አያ ፈንታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሲሚንቶውን ረጨሁ ብለው እትዬ ጥሩን ረጩ። ጀርባቸው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድ እትዬ ጥሩ እልል ብለው ቀጥ ብለው ተነሡ።

«ለቀቀኝ!» አሉ። «ወገቤ ለቀቀኝ!»

«አትጩሂ፣ አራስ አለ» አሏቸው አያ ፈንታ።

ይህን ሰምተው እትዬ ጥሩ አለቀሱ። ለሰፈሩም «እመቤታችንን አይቷታል፤ አራስ አለ ብሎኛል» ብለው ነገሩ። በማግስቱ ቢጫ ጄሪካን ከምንጩ እስከ መንገዱ ተሰለፈ። በሦስተኛው ቀን ከቆሰበር በሚኒባስ የመጡ ሰዎች አየሁ። ጎማዎቼ ተጠቅልለው እንዳሉ ግቢዬ ተኝተዋል። ሙት ዓመቱ ዘጠኝ ቀን ቀረው።

እየሮጥሁ ወጣሁ፤ በዚያ ጉልበቴ መሮጥ ከተባለ። «አያ ፈንታ፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

«ነገርኋቸው» አሉኝ። ላባቸው ይወርዳል። «ግንበኛ ነኝ አልኋቸው። ትሕትናው አሉ። ጠጅ እጠጣለሁ አልኋቸው። ራሱን ሲደብቅ ነው አሉ። ተቆጣሁ፤ ተግሣጹን ተቀበልን ብለው እግሬን ሳሙ። ያውም ጥቁሩን ብቻ። አረንጓዴውን ማንም አልሳመው።»

ሳቄ መጣ፤ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ምንጩ ጸበል ከተባለ ልብስ አይታጠብበትም፣ ከብት አይቀርበውም፣ በጎማ ወርዶ የእኔን ወጥ ቤት አይገባም። ሰፈሩ ራሱ ድንጋይ የተሸከመለትን ቧንቧ ያጣል፤ እኔ ደግሞ ቤቴን።

በማግስቱ የደብሩ አገልጋይ ቄስ ሞላ ተጠርተው መጡ። ሰው ምንጩን ከቦ ቆመ። እትዬ ጥሩ ወገባቸውን እያዞሩ አሳዩ። ቄስ ሞላ ጃንጥላውን አዩ፣ ግንቡን አዩ፣ ከዚያ እኔን ብዙ ቆይተው አዩኝ።

«አያ ፈንታ፣ ዓይንዎን ጨፍነው የሚደግሙት ምንድን ነው?» አሉ።

«አባታችን ሆይ ነው፣ አባ። ጄሪካን እለካበታለሁ።»

«እስቲ እኛም እንስማው።»

አያ ፈንታ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጀመሩ። ድምፃቸው ያምር ነበር። ሰዉ አንገቱን ደፋ። «መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ትምጣ» አሉ እንደገና። ሰማዩን አዩ። «ትምጣ… ትምጣ…»

«ይቀጥሉ እንጂ» አሉ ቄስ ሞላ።

«ከዚህ በኋላ አላውቀውም።»

«እንዴት አያውቁትም?»

«እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ጄሪካኑ ይሞላብኛል!»

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ፤ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። «ሰባ ዓመት ሙሉ!» አለ አንዱ። «ለካ ምንጫችንን ሁሉ የለኩት በግማሽ ጸሎት ነው!» አለ ሌላው። እትዬ ጥሩ ብቻ አልሳቁም። «የእኔ ወገብስ?» ብለው ጠየቁ። «ሰሞኑን ጄሪካንሽን ሰው ስለተሸከመልሽ ነው» አሏቸው አያ ፈንታ። የቆሰበሮቹ ሰዎች እያጉረመረሙ ወደ ሚኒባሱ ወረዱ። ቄስ ሞላም «ውሃ ነው፤ ጠጡት፣ ታጠቡበት» ብለው ሄዱ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሠላሳ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የሰማሁትን ጸሎት ነው አላውቀውም ያሉት። ሰው ሁሉ ሲበተን አጠገባቸው ሄድሁ።

«አያ ፈንታ፣ ለምን?»

«ጎማውን ያዢልኝ» አሉኝ። «ዘጠኝ ቀን የነበረው ስምንት ሆነ።»

በሙት ዓመቱ ዕለት ዮናስ መኪና ይዞ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። ቧንቧው ግቢዬ መካከል ቆሟል። አያ ፈንታ «አንተ ክፈተው» አሉት። ከፈተው። ቧንቧው መጀመሪያ ሳል ሳለ። ቀጥሎ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ጎማው ውስጥ የቀረውን ጭቃ በሙሉ የልጄ ጫማ ላይ ተፋው። ዮናስ ዘሎ ሸሸ፤ ጥርት ያለው ውሃ ተከተለ። ልጄ ቆሞ አየው፤ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ታጠበና ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። የአባቱ ልጅ ነው፣ ሲያለቅስ አይታይም። ከዚያ «እሺ እማ» አለኝ። እኔን ሊጭን የመጣው መኪና ሦስት ኩንታል ድንች ጭኖ ተመለሰ።

አያ ፈንታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አያ ትምጣ» ሆኑ። በፊት የሰው ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ያ ቀረ። «መጀመሪያ ጸሎቱን ይጨርሱ» ይሏቸዋል። ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀመስ አንዱ ይነሣና «እስቲ አያ ትምጣ ይድገሙልን» ይላል። እሳቸውም ሳይቆጡ ይነሣሉ፤ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ሰዉ ይንከባለላል። ሁለት ጊዜ ልናገር ተነሥቼ በዓይናቸው አስቀመጡኝ። አንድ ቀን ቤቴ ጎማ ሊጠግኑ መጥተው «ስምዎ ጠፋ እኮ፣ በእኔ ምክንያት» አልኋቸው። «ስሜ ምን ሆነ? አጭር ነኝ፤ አጭር ስም ይበቃኛል» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ። እውነቱን ለመናገር የዝምታዬ ምክንያት የእሳቸው ዓይን ብቻ አልነበረም። ብናገር ጄሪካኑ እንደገና ይሰለፍና ውሃዬ ይሄድብኛል ብዬ እፈራ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ፈርቼ ጠጣሁ።

ቀብራቸው ላይም ምንም አላልሁም። በሠልስቱ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ጨዋታው እንደለመደው ወደዚያ ሄደ። «መላእክቱ ድገም ቢሏቸው ጉዳቸው ፈላ» አለ አንዱ፤ ሰዉ አፉን በነጠላ ይዞ ሳቀ። በዚህ መካከል ሚስታቸውን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ። ባሏ የሞተባት ሴት አንገቷን ስትደፋ ምን እንደሚሰማት ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ተነሣሁ።

«አያ ፈንታ አባታችን ሆይን እስከ አሜን ድረስ ያውቁት ነበር» አልሁ። «ሠላሳ ጊዜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላውቀውም ያሉት ውሃው ለእኔና ለእናንተ እንዲቀር ነው። እኔም እያወቅሁ ዝም አልሁ።»

ቄስ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም አውቅ ነበር» አሉ። «ዳዊት የደገምነው አብረን ነው፤ ከአንድ መምህር። ዳዊት የደገመ ሰው አባታችን ሆይ ይጠፋዋል? ያን ቀን ስጠይቃቸው ምን እንደሚያደርጉ ከዓይናቸው ገባኝ።»

ሚስታቸው ቀና አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሡኝ እሱን ሲደግሙ አይደል!» አሉ እያለቀሱም እየሳቁም። «ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነው እንጂ!»

የቀለደው ሰውዬ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔም ልቤ ቀለለኝ፤ ተቀመጥሁ። ያኔ እትዬ ጥሩ ከተቀመጡበት ጥግ ቀጥ ብለው ተነሡ።

«እንግዲያ» አሉ፣ «ወገቤ እውነት ነበር!»

ይኸው ዛሬ ጠዋት ከመንገድ ዳሩ ቧንቧ ፊት አምስት ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ቆመው አገኘሁ። ከፊት እትዬ ጥሩ ናቸው።

«እትዬ ጥሩ፣ ውሃ ነው» አልኋቸው። «ጸበል አይደለም። ሰውየው ግንበኛ ነበሩ።»

እትዬ ጥሩ በአዘኔታ አዩኝ። «እሳቸውም እንዲሁ ይሉ ነበር» አሉና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ሸሽቼ ግቢዬ ገባሁ።

ይህን እስክጽፍ ድረስ ማንም መጥቶ ቧንቧዬን አልዘጋብኝም። የቁርስ ሳህኖቼን አጥቤያለሁ። በሩን ቆልፌ፣ ቀስ ብዬ።